የሩት ገንፎ

በእኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን ማለት ሊሞቱ ሲሉ የሚገቡበት ነበር፤ ሰው ወዶ፣ ቀን አስቆርጦ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ አይሄድም። ታዲያ ይቺ ሩት፣ ይቺ አጠገቤ ተቀምጣ የምትስቅብኝ የወንድሜ ልጅ፣ ወንድ ብለን አሳድገናት ሴት ነኝ ካለችን ዓመታት አልፈው፣ «አክስቴ፣ ሰርጀሪው ደረሰ፣ አንቺ ጋ ልተኛ?» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ ክው አልኩ፣ እና «ነይ እንጂ፣ ሌላ የት ትሄጃለሽ?» አልኳት።

ታዲያ ከዚያ በፊት የሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋ አብሬያት ገባሁ። ሴትዮዋ መነጽሯን እንዲህ ዝቅ አድርጋ፣ «ሩት፣ ከዚህ በኋላ ምን የሚለወጥ ይመስልሻል?» አለቻት። ይቺ ደግሞ ፈጠን ብላ «ኤቭሪቲንግ!» ሴትዮዋም «ሰውነትሽ ይለወጣል፣ እሱም ቀስ እያለ ነው፣ ለመዳን ወራት ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ሊከፋሽም ይችላል። ሥራሽና ቤተሰብሽ ግን በነበሩበት ነው የሚጠብቁሽ» አለቻት። እኔ በሆዴ «ምን ዓይነቷ ሟርተኛ ናት!» አልኩ።

እና ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፣ እዚህ ሰው አገር፣ ሜስኪት ከተማ ያለው ቤቴ አመጣኋት። እኔ የማውቀው አልጋ ላይ የተኛች ሴት ገንፎ እንደምትበላ ነው፣ ስለዚህ አገነፋሁ። «አክስቴ፣ አራስ አይደለሁም እኮ!» «ዝም ብለሽ ዋጪ!» በላች፣ ሳቀች፣ ደህና ነበርን። ታዲያ በሳምንቱ ገደማ አንድ ጠዋት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ደነገጥኩ።

«ምነው፣ ቆጨሽ እንዴ?»

«ኖ፣ አልቆጨኝም። ግን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር እኮ! ማለቴ... ይሄ ሲያልቅ አባዬ ኮል የሚያደርግ መስሎኝ ነበር።»

አያችሁ? ለካ እሱን ነው የምትጠብቀው! ወንድሜ እዚሁ ቅርብ፣ አዲሰን የሚባል ከተማ ነው ያለው፣ አንድ ቀን ብቅ አላለም። አንጀቴን በላችው። እና «ስሚ» አልኳት፣ «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ ተስዬ ያገኘሁትን ልጅ ታቅፌ አልቅሻለሁ። ቁስል አለ፣ እንቅልፍ የለም፣ መድኃኒቱ አለ። ያልፋል። አባትሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ያከመው አንቺን ነው፣ ወንድሜን ማን አከመው?» ብትስቅ ብትስቅ! «አክስቴ፣ አታስቂኝ፣ ስፌቴ!» ትላለች። ያን ቀን አማካሪዋ ጋም አስደወልኳት። ሟርተኛ አልነበረችም ለካ።

ታዲያ ለወንድሜ ደወልኩ። «ቅቤ አልቆብኛል፣ ከአዲስ አበባ ከመጣልህ ትንሽ አምጣልኝ።» «ለምኑ?» «ለገንፎ።» ስልኩን ዘጋው። ግን አመጣ፣ በር ላይ ሰጥቶኝ ሄደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳልጠይቀው አመጣ። ቀጥሎ ሲመጣ እሷ ራሷ ቀስ እያለች ሄዳ ከፈተችለት። «አባዬ፣ ትገባለህ?» «አይ፣ መኪናውን ያቆምኩበት ቦታ... ቶው ያደርጉብኛል፣ ጎትተው ይወስዱታል።» እኔ ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ እቴ! «የእንግዳ ፓርኪንግ ከጀርባ ነው» ብላው ተመልሳ ተቀመጠች።

ባለፈው እሑድ መኪናውን ከጀርባ አቁሞ መጣ። እና ገባ ወይ ትሉኛላችሁ? ገባ እንጂ! ገንፎውን በላ፣ ቴሌቪዥን ላይ የኳስ ጨዋታ አየ፣ ሄደ።

«እኔን ግን አላየኝም» አለች ሩት፣ «ጌሙን ብቻ ነው ያየው። ኢትስ ኦኬ፣ አክስቴ። እኔ አሁን ሰውነቴ ተመችቶኛል፣ አባዬ ደግሞ ቀስ ይበል።»

ሰማችኋት? እሱን ያመጣው ኦፕራሲዮኑ እንዳይመስላችሁ ታዲያ። የእኔ ገንፎ ነው! ሃ ሃ ሃ!