ለዲሪባና ለረሆቦት የዘገየው ፈቃድ

ክቡር ኮሎኔል፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ፈጣሪ ውለታችሁን ይክፈል። ከጠዋት ጀምሮ ስትደክሙ አይቻለሁ። ለአንዲት ነርስ ይህ ሁሉ ይገባል?

ሩጫ ባለበት ጠዋት ሆዱን የሚያመው፣ ምሳ ሲደርስ የሚሻለው ስንት ሰው እዚህ ተቀምጧል? አትፍሩ፣ ስም አልጠራም። ምስጢራችሁን ይዤ ነው ጡረታ የምወጣው።

ዛሬ ግን ስቄ ብቻ መሄድ አልሆነልኝም። ልቤን የከበደው ነገር አለ።

በሰሜን ጦርነቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እዚህ ማሠልጠኛ ካምፓችን ዲሪባና ረሆቦት የሚባሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሠልጣኞች ነበሩን። እሱ የክብረ መንግሥት ልጅ፣ እሷ የሞያሌ። እረፍት ወጥተው በቤተሰብ ፊት ተጋብተው ተመለሱ። የዚያኑ ዕለት እሱ ወደ ወንዶች ማደሪያ፣ እሷ ወደ ሴቶች ማደሪያ ገቡ። ባልና ሚስት የሚተያዩት ሰልፍ ላይ ሆነ።

ነገሌ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ ሐቢባ ሱቅ አላት። ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ልታከራያቸው ተስማማች። ከካምፕ ውጭ ለመኖር ፈቃድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ።

ረሆቦት አመመኝ ብላ ክሊኒክ መጣች። ሙቀቷን ብለካ ምንም የለባትም።

«ምንሽን ነው?» አልኳት።

«ሲስተር፣ አግብቼ ባሌን አላውቀውም። እርስዎ ይለምኑልን።»

ወደ ያኔው አዛዣችን ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«የሠልጣኝ ቤቱ ካምፕ ነው» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ በሕግ የተጋቡ ናቸው።»

«እኔስ አላገባሁም? የመጀመሪያ ልጄን ያየኋት በእግሯ ስትሄድ ነው። ወታደርነት ይኼ ነው።»

ያን ቀን ወጣሁ። ግን ደግሜ ሄድኩ፤ አሁንም ደግሜ። በመጨረሻ ሳላሰለቻቸው አልቀረሁም፣ «እሺ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ውጭ ይደሩ። ለጠዋት ሰልፍ ቢያረፍዱ አንቺን ነው የምጠይቀው» አሉ።

ሐቢባ የክፍሉን ግድግዳ ኖራ ቀባች። ባለፍኩ ቁጥር፣ «አካም፣ እንዴት ነሽ ሲስተር፣ ሙሽሮቼ መቼ ነው የሚመጡት?» ትለኛለች።

ቅዳሜ ሳይደርስ ጦርነቱ ተነሣ። ፈቃድ ሁሉ ታገደ። የዲሪባ ምድብ ወደ ግንባር ሊሄድ መኪና ላይ ሲወጣ ረሆቦት ከጎኔ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። «ጃኬትህን ዝጋው፣ መንገዱ ይበርዳል» ብቻ አለችው።

ዲሪባ በሕይወት ተመለሰ፤ ፈጣሪ ይመስገን። አንድ ጆሮው ግን አይሰማም። ያን ጊዜ ማንም አልከለከላቸውም፤ ሐቢባ ዘንድ ገቡ። ደስ ብሎኝ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው። እሱ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። እሷ ከእኔ ጋር ታወራለች። ሁለቱ እርስ በርስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ስትሸኘኝ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«አልተጣላንም፣ ሲስተር። አሁን ምን እንደሚወድ አላውቅም። ድሮም ምን ይወድ እንደነበር አላውቅም። ወደ የትኛው ዲሪባ ልመልሰው?»

እኔ ቁስል ማሰር አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን መድኃኒት አልነበረኝም። ዓመት ሳይሞላቸው ተስማምተው ተለያዩ። እሱ አገሩ ክብረ መንግሥት ገባ፤ እሷ ተዛውራ ሄደች።

አስቀድመው ጥቂት ሳምንት አብረው ቢኖሩ ኖሮ ትዳሩ ይጸና ነበር? እኔ እንጃ። ጆሮውንስ አያድንለትም ነበር። ግን የጠፋባት ሰው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ክቡር ኮሎኔል፣ ዛሬም ከሠልጣኞቻችን መካከል አዲስ ተጋብተው ፈቃድ የሚጠብቁ አሉ። ሥርዓት ይላላ አልልም፤ በሥርዓት ነው ያረጀሁት። መልሱንም ለእኔ አይንገሩኝ፣ እኔ ከነገ ጀምሮ ሲቪል ነኝ። ለእነሱ ይንገሯቸው። ብቻ አይዘግይባቸው።

እናንተ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከታዘዛችሁበት ሁሉ በሰላም ተመለሱ። ስትመለሱም በር የሚከፍትላችሁ፣ ዝም ስትሉ ለምን ዝም እንዳላችሁ የሚገባው ሰው አይጥፋባችሁ። ያላገባችሁ አግቡ፤ ያገባችሁ ለመተዋወቅ ዕድሜ ይስጣችሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።

ናጋቲ፣ በደህና ዋሉ።