«አክማለሁ» እና «አክም ነበር»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጽናት ከጓሳ የእንግዶች ማረፊያ ቁልቁል ስትወርድ ጭንቅላቷን ይዛ ነበር። እንዴት አትይዝ! ፈረንሳይኛ ለጎብኚዎች ማስተርጎም ከጀመረች ሁለት ዓመት ቢሞላትም፣ በስልኳ የምትከታተለው ትምህርት «ቢሆን ኖሮ» ከሚባለው ላይ ሲደርስ ሁሉ ነገር ተደበላለቀባት። የእኛ ሰው «ነበር»ን ከመጨረሻ ይሰካል። ፈረንሳዮች ግን ከ«ቢ» ጋር ከፊት ያስቀምጡትና፣ ለመጨረሻው የትንቢቱን ግሥ ይዘው የኃላፊ ጭራ ይቀጥሉበታል። እሷ ደግሞ እየገለበጠች መከራዋን አየች።

ግራ መጋባቱስ ባልከፋ። ለልምምድ ብላ ዓምና የቀዳችውን የአንዲት ፈረንሳዊት የዓይን ሐኪም ድምፅ ጠዋት ከፍታ ብትሰማ፣ ክው አለች።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዓይናቸው ስለደከመ መንገዱን በመቋሚያቸው እየዳበሱ ከፊቷ መጡ።

«ማነሽ?»

«ጽናት ነኝ፣ የኔታ።»

«እሰይ! የፈረንጅ መኪና ገባ አሉኝ። ያቺ ሐኪም መጣች?»

«አልመጣችም። አትመጣምም፣ የኔታ።»

«ምን ማለትሽ ነው? መሣሪያዬን ይዤ መጥቼ አክምዎታለሁ አለች ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው! ልጄ ዓለሚቱ ደብረ ብርሃን ልውሰድዎ እያለች ስትነዘንዘኝ፣ ዓመት ሙሉ እምቢ ያልኩት ያንን ቃል ይዤ ነው።»

ጽናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ተሳስቼ ነው። ያለችው “መሣሪያዬ ቢኖረኝ ኖሮ አክምዎት ነበር” ነው።»

«ጉድ በል! አክማለሁና አክም ነበር ይምታታል?»

«በፈረንሳይኛ ሁለቱም “ስዋኝሬ” ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማትነበብ ፊደል ትጨመራለች እንጂ ለጆሮ አንድ ነው።»

«የማትነበብ ከሆነ ለምን ተጻፈች? እኔስ ብዬሽ ነበር! ግዕዝ እያለልሽ ይህን ምን አስያዘሽ?»

«የሚለየው በፊተኛው ግሥ ነው፣ የኔታ። “ካለኝ” ለማለት ቢሆን “ሲ ዤ” ትል ነበር። እሷ ያለችው “ሲ ዣቬ” ነው፤ ቢኖረኝ ኖሮ። እኔ “ነበር”ን መጨረሻ ላይ ስጠብቅ መጀመሪያው ላይ አመለጠኝ።»

መሪጌታ ተቆጥተው ሊሄዱ ብለው ቆም አሉ። የሰዋስው ነገር ሲነሳ ቁጣም ይረሳቸዋል።

«ቆይ እስቲ። እንደ ግዕዙ “ሶበ” በይኛ! ሶበ መጻእከ እምረከብከኒ፤ ብትመጣ ኖሮ ታገኘኝ ነበር። “እም”ን የዘለለ ተማሪ ያልተደረገውን ተደረገ ይላል።»

«አዎ! ልክ እንደዚያ ነው!»

«እንግዲያው ሴትዮዋ አልዋሸችም። ባልተባለ ቃል ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ።» ተነፈሱ። «ይሁን፤ ጠበሉ ይበቃኛል። በስተርጅና ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም።»

«ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ሐኪምም ይይዎት። “ቢሆን ኖሮ” የሚባለው እኮ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ገና “ከሄዱ” ማለት እንችላለን።»

መሪጌታም፣ «በሰዋስው ረታሽኝ» አሉ።

ሐሙስ ከዓለሚቱ ጋር ሦስት ሆነው ደብረ ብርሃን ወረዱ። ሐኪሙ ዓይናቸውን በመብራት መርምሮ፣ ሕመማቸው እንዳሰቡት የዓይን ሞራ ሳይሆን የዓይን ግፊት መሆኑን ነገራቸው።

«ዓምና መጥተው ቢሆን ኖሮ ቀኙ ይተርፍ ነበር» አለ። «ግራው ግን ጠብታውን ሳያቋርጡ ከተጠቀሙ ሊተርፍ ይችላል።»

ያ ሁሉ ሕግ ያን ጊዜ ለጽናት በገዛ ቋንቋዋ ገባት፤ ስቅስቅ ብላም አለቀሰች።

«ተይ ልጄ፣ አታልቅሺ» አሉ መሪጌታ። «ስሕተትሽን አፍረሽ ብትደብቂው ኖሮ ይኼኛውም ይሄድ ነበር። ፈረንሳይኛሽን ተማሪ፤ ስትማሪ ግን እስከ ጭራው ተማሪ።»

ከዚያ ወዲህ ጽናት «ያደርጋሉ ወይስ ያደርጉ ነበር?» ብላ ሳትጠይቅ የእንግዳ ቃል አታደርስም። መሪጌታም በቀረቻቸው አንድ ዓይን ተማሪዎቻቸውን ጠጋ ብለው ይቃኛሉ፤ ዓይኑን የሚያሽ ካዩ ቅኔውን አስቋርጠው ወደ ሐኪም ይሰዱታል።