የአያ ታከለ ዜማ

ያኔ ወረታ፣ ገበያው ዳር ካሴት እሸጥ ነበር። የጎረቤታችን ቀበሌ የቁሐር ሚካኤል ልጅ፣ የየሽወርቅ የመጀመሪያ ካሴቷ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰሞን ሱቄ በር ላይ መተላለፊያ ጠፋ። የእኛኑ አገር ልጅ በኪቦርድ ስትዘፍን መስማት እንዴት ያለ ነገር ነበር! በገበያ ቀን አባቷ አያ ታከለ ከች አሉ። ልጃቸው ዘፋኝ ልሁን ብላ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ስሟ እንዳይነሳባቸው የከለከሉ ሰው ናቸው። ደንግጬ ቴፑን ላጠፋ ስል፣ «ተወው፣ ይጩህ» አሉኝና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

አንዱ ዘፈን ሲጀምር ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይችማ የእኔ ናት! ሩዝ ሳበራይ ለበሬዎቼ የማዜማት ናት» አሉ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ጥቂት አዳመጡና፣ «እዚህ ላይ አበላሸችው፤ ድምፁ ይሳባል እንጂ እንዲህ አይቆረጥም» ብለው ራሳቸው አዜሙት። ቴፑን ዘጋሁት። ገበያተኛው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ከበባቸው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ሲጨርሱ እንደማፈር ብለው፣ «ስልኳን የምታውቅ እንደሆን ንገራት፤ ለአውድማ ትምጣና በደንብ ትማር» አሉኝ። ወዲያው ካሴቱን ከሚያመጣልኝ ነጋዴ ስልኳን ተቀብዬ ቴሌ ሄጄ ደወልኩላት። የሽወርቅ እያለቀሰች፣ «አባቴ ትምጣ አለ? እስቲ በሞቴ፣ ልክ እሱ እንዳለው አድርገህ ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ሩዙ ሳይበራይ ቁሐር ደረሰች።