ፕሪንተሯ የተዛወረች ዕለት

ለሕዝብ ሁሉ ይታወቅ! በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ሥር በታማኝነት ስታገለግል የኖረችው ፕሪንተር ዛሬ ወደ በሩ አጠገብ ተዛውራለች። በዚሁ ታላቅ ዝውውር ምክንያት መድኃኒት ቤቱ ሥራ አቁሟል።

የሐኪሙ ትእዛዝ በኮምፒውተር ካልደረሰ መድኃኒት አይሰጥም። እናቴ የልብ መድኃኒቷን ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ ደረቷን ይዛለች። ተናድጄ ደረጃውን ስወጣ ከኔትወርክ ኃላፊውና አብራቸው ከምትሠራው የእህታቸው ልጅ ጋር ተላተምኩ። ሽማግሌው ላፕቶፓቸውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋል።

«ጋሼ፣ መስመሩ ምን ነካው?»

«ለፕሪንተሯ መስመር ስቀይር አንዲት ቁጥር ስቼ የመድኃኒት ቤቱን ቆረጥኩት። የራሴን መግቢያም ጭምር። ምድር ቤት ወርጄ ከመሣሪያው ጋር በኬብል ተያይዤ መግባት አለብኝ።»

«በሩን ቆልፈው ቁልፉን ውስጥ ረሱት በሉኛ» አለች ልጅቱ።

«አንቺ፣ አፍሽን ያዢ! ይህ ቤት የቆመው በእነዚህ ጣቶች ነው!»

«ችግሩም እሱ ነው፣ አጎቴ! እርስዎን ጉንፋን ሲይዝዎት ሕንፃው ሁሉ ያስነጥስ?»

«ታዲያ ሥራ አስኪያጁ እንደሚሉት ራሱን የሚጠግን ማሽን እንግዛ? ማሽን ሲሳሳት እኮ ሁሉንም ጠራርጎ ነው!»

«እሳቸውም ተሳስተዋል። ሳይድኹ መሮጥ የለም። መጀመሪያ የሚደጋገመውን ሥራ ለኮምፒውተር እንስጥ። ቀጥሎ ማንኛውም ለውጥ ተጽፎ፣ ሌላ ሰው አይቶት፣ በሙከራ መሣሪያ ተፈትኖ ይግባ። ራሱን እንዲጠግን የምንፈቅድለት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያውም ገደብ አበጅተንለት። እኛ ገና በእጅ እንዳክራለን።»

ደሜ ፈላ። የእናቴ ልብ በአንድ ሽማግሌ ሌባ ጣት ይተዳደር?

ተከትያቸው ወረድኩ። ሽማግሌው መስመሩን መለሱ። ልጅቱ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ እዚያው ባለው የሙከራ መሣሪያ ላይ ያንኑ ስሕተት ሆን ብላ ሠራች። የመሣሪያው መስመር ተቆረጠ። ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳይነካው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

«ለውጡን ያስገባው ሰው ወዲያው ተመልሶ ካላጸደቀው፣ መሣሪያው ራሱ እንዲሽረው አድርጌዋለሁ» አለች። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ቤቱ ገና ሳያማርር መስመሩ ይመለስ ነበር። የእርስዎም ዕውቀት ደንብ ሆኖ ይጻፋል፤ ለሚተካዎት ይተርፋል።»

ወደ ላይ ስንወጣ እናቴ አሁንም ደረቷን ይዛ ክኒኗን ልትውጥ ስትታገል ደረስን። ሽማግሌው ቆመው አዩዋት።

«የዛሬውን የኔን ስሕተት ከሁሉ አስቀድመሽ ጻፊው» አሏት ልጅቱን። «ማሽኑ ከማንም እንዳይቀበለው፤ ከኔም ቢሆን።»

«ጋሼ፣ ምን ለወጠዎት? መሣሪያው ነው ወይስ እናቴ?»

«አልናገርም» አሉና ሄዱ።