የአክስቴ ማዳመጫ

«በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቁት ዕቃ ይሠራል ወይ?» ትሉኛላችሁ። እኔ እንጃ! ጆሯቸው ለከበዳቸው አክስቴ ማዳመጫ በስልክ ባዝ፣ ሻጮቹ ደብረ ታቦር ድረስ ላኩልኝ። ከካርቶኑ አውጥቼ ጆሯቸው ላይ ከመሰካቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንተ፣ ማነው የሚያለቅሰው?» አሉኝ። ጆሮዬን ባቀና ሰፈሩ ጭር ብሏል። «እብናት ነው፤ ወንድሜ ቤት ነው የሚለቀሰው» አሉ። እብናት የት፣ እኛ የት! «ወይኔ፣ የማይረባ ዕቃ አሸከሙኝ» ብዬ ለራሴ ባጉረመርም፣ ስጮህባቸው እንኳ የማይሰሙኝ ሴትዮ ቀና ብለው «ዕቃውን አትስደብ፤ ይሰማል» አሉኝ። ነቅዬ እኔ ጆሮ ላይ ሰካሁት። ጭጭ።

በማግስቱ ማለዳ ዘመዶቻችን ለመርዶ መጡ። አክስቴ እህል ሳይቀምሱ ሊያረዷቸው በሩን ቀስ ብለው ሲከፍቱ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደቡ ላይ ተቀምጠው እየጠበቋቸው ነው። መርዶ ነጋሪው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ወንድሟ መሞቱን ማን ቀድሞ ነገራት?» ብለው ተቆጡኝ።

ከለቅሶው መልስ ያንን ዕቃ ወደ መጣበት ልሰደው ብዬ ካርቶኑን ብከፍት፣ ባትሪዎቹ ከነማሸጊያቸው ተጋድመዋል። ለካ አላስገባኋቸውም! ለአክስቴ አሳየኋቸውና «ላስገባልዎት ወይ?» አልኳቸው በምልክት።

እጄን ያዝ አደረጉት። «ተወው ልጄ፤ ባዶውን ያሰማኝ ይበቃኛል።»