ውሃ አጣሪው ወሎ ሰፈር ሲመለስ

ቦሌ ሚካኤል ምንጣፍ በማጠብ የምትተዳደረው ፈዲላ፣ ወሎ ሰፈር ወዳጇ ብርኽቲ ጁስ ቤት ገብታ ገና ወንበር ስትስብ አየችው። የውሃ ማጣሪያ ኩባንያውን ዘግቶ ድራሹ የጠፋው ሰውዬ ከኋላዋ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ከረባት ላሰሩ ሁለት እንግዶች ስለ አዲሱ ሥራው በላፕቶፕ የጠርሙስ ሥዕል እያሳየ ያብራራል። ደሟ ፈላ። መጮህ ግን አታውቅበትም። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፊቷን ወደ ብርኽቲ አዙራ፣ ድምጿን ከኋላ እንዲሰማ አድርጋ ጀመረች።

«ብርኽቲዬ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም? እስቲ አቮካዶ አድርጊልኝ፤ ስኳሩን ተይው። ልጆቹ ደህና? ውሃስ መጣላችሁ? እኛ ጋ ከሰኞ ጀምሮ የለችም። ውሃ ስትጠፋ እኮ ሰው ይናፍቀኛል... አንድ ደግ ሰው ነበረን፣ ትዝ ይልሻል? ስሙን ምን ያደርግልሻል! የሆቴሎቹን ፍሳሽ እያጣራ ለመኪና አጣቢውም ለእኔም በቦቴ የሚያመጣልን። ማሻ አላህ፣ ምን ያለ ጭንቅላት! መጀመሪያ ሰሞን ውሃው እንደ መስታወት ነበር፤ ወላሂ፣ በዚህስ አልዋሽም።

«ኋላ ማሽኑ ተበላሸበት። ሌላ ሰው ቢሆን ‹ተበላሽቶብኛል፣ ታገሱኝ› ብሎ ያስጨንቀን ነበር። እሱ ግን አዛኝ አይደል? ዝም አለ። ቦቴው አንድ ቀን እንኳ አልቀረም! ውሃው ላይ ክሎሪን ሲጨምር፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ ሲጨምር... ለማን ብሎ ነው? ለእኛ እኮ ነው! ፍሳሽን ሽቶ ቀብቶ የሚልክልሽ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ብርኽቲ መፍጫውን አጠፋች። ከኋላ ያለው ማብራሪያም ዝግ አለ።

«ረመዳን ሊገባ ሲል የመስጊዱን ምንጣፍ አመጡልኝ። በእሱ ውሃ አጠብኩት። ሲደርቅ ሎሚ ሎሚ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ አይደለሁ? ሰዉ ለጁምዓ ተሰብስቦ ግንባሩን ሲያሳርፍበት... ሎሚው ሄዶ ሆቴሉ መጣ። ሱብሃነላህ! ሽማግሌዎቹ ጠቅልለው አወጡት፤ በባዶ ሲሚንቶ ተሰገደ። እኔማ ምን ሆንኩ? ዐረፍኩ። ድሮ ከደንበኛ ብዛት ምሳ እንኳ አልበላም ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ባሌ ኢሳም ሰው ላለማየት ሩቅ መስጊድ መሄድ ጀመረ... እግሩ እንዲፍታታ ታስቦለት ነው መሰለኝ።

«ኩባንያው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ‹ወደቀ› አለ። እንዴት ነው የሚወድቀው? ጥንቁቅ ነው፤ እሱ ቀድሞ ወርዷል። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲመጡ በሩ ላይ ቁልፍ ጠበቃቸው። ክፋት እንዳይመስልሽ... ሆደ ባሻ ስለሆነ መሰነባበት ይከብደዋል። የእኔን ስልክ ያላነሳውም ለዚሁ ይሆናል። ታንከሮቹን እንኳ አልሰሰተም፣ ለሰፈሩ ትቶልን ሄደ። ይኸው ቢንቢው ይራባባቸዋል። ሌላው ቢሆን ነቅሎ አይሄድም ነበር?»

ከእንግዶቹ አንዱ ሰውዬውን በለሆሳስ የሆነ ነገር ጠየቀው። ወንበር ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ሌላ ወንበር፤ ሁለት ከረባቶች በፈዲላ አጠገብ አልፈው ወጡ። ከኋላዋ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን በዚያች ጁምዓ ሰው መሃል የተሰማት እፍረት ትኩሱን መጣባት። ዞር ብላ አላየችውም። ድምጿን ይበልጥ አለሰለሰችው።

«እና አሁን ሊጀምር ነው አሉ! እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? የአሁኑ ደግሞ ለማጠቢያ አይደለም፤ በጠርሙስ የሚታሸግ፣ የመጠጥ ነው። እድገቱን አየሽልኝ? ትናንት ምንጣፋችንን ያሰበ፣ ዛሬ ሆዳችንን አሰበ... ለዚህ ሰው ምርቃት ይነፈጋል? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁ የነካው ሁሉ ይባረክ። ያጣራው ውሃ ከማዕዱ አይጥፋ፤ የመጀመሪያዋ ጠርሙስ ሁልጊዜ ለእሱ ትከፈት፣ እሱ ጠጥቶ ሳይረካ ማንም አይቅመስ... አሜን በዪ እንጂ፣ ብርኽቲዬ!»