ጋቢ የለበሰው ሞተር

ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚጓዘው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አረጋውያን ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሳልሽ ባሰ እኮ።»

«የሌሊቱ ውርጭ ነው። ይልቅ እርስዎ ጋቢዎን ለመስኖው ሞተር አልብሰው ማደርዎ ነው የሚገርመኝ።»

«ምን ላድርግ? ሆዱ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ቢሰነጥቀው፣ ድንቻችን በምን ይጠጣል?»

«ብረት እንደ ሰው ገላ ሙቀት የለው፤ ጋቢ ምን ያደርግለታል? ውሃውን ማፍሰስ ነበር እንጂ።»

«ጠዋት በደህና ተነሣ አይደል? ጋቢዬ አተረፈው!»

«እርስዎ የማታ ጸሎት ሲያደርሱ፣ እኔ ብሎኑን ፈትቼ ውሃውን አንጠፍጥፌ ስላፈሰስሁት ነው።»

«አንቺ ተንኮለኛ! ታዲያ ጋቢዬን ለምን አልመለስሽልኝም?»

«እንደ ሕፃን ሸፋፍነው ሲያስተኙት አይቼ፣ እንዴት ብዬ ልግፈፈው?»

«ይሁን። እኔም ያለ ጋቢ ተኝቼ ብርድ የሚባል አልነካኝም፤ የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው።»

«ጥበቃውስ የእርሱ ነው። እንቅልፍ ሲወስድዎ ደርቤልዎ ሳይነቁ ያነሣሁት ግን የእኔ ጋቢ ነው።»

ሰውየው የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

«በይ ተጠጊ፤ ነይ ከጋቢዬ ግቢ።»

የምወርድበት ቤተ ክርስቲያን በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።